ማን ያጠፋዋል? ከትልልቅ ኩባንያዎች ለመላቀቅ ስትሞክሩ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ራሱ ማሽን ላይ የሚሠራ ኤአይ መጫን ይፈልጋል። ሌላዋ ማንም የማይዘጋባት ገጽ እንዲኖራት ትፈልጋለች። ሰበባቸው ይለያያል። አንዳንዱን ያማረረው ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የወር ክፍያው በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኖበታል። አንዳንዱ ደግሞ የጻፈው ነገር ምክንያቱ ሳይነገረው ተሰርዞበታል።

እኔ ሁሉንም የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። «ይሄን የጫንከውን ነገር ማን ሊያጠፋው ይችላል?» አብዛኛው ሰው አስቦበት አያውቅም። ኩባንያውን ይቀይርና ማብሪያ ማጥፊያውን እዚያው ሌላ ሰው እጅ ላይ ይተወዋል። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ግማሾቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

«ቪፒኤን ካለኝ ምን ቸገረኝ?»

ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ትንሽ ልነጫነጭ፣ ፍቀዱልኝ።

መታገድና መቋረጥ ለየቅል ናቸው። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ኢንተርኔቱ ነበረ። የተዘጋው ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ነው። ቪፒኤን ዞሮ የሚሄድ መንገድ ስለሆነ ሠራ። እገዳው አምስት ወር ገደማ ስለቆየ የከተማው ሰው ሁሉ ቪፒኤን ለመደ። እናቴ እንኳ አልቀረችም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ግን የጠፋው ኢንተርኔቱ ራሱ ነበር። ለሦስት ሳምንት ገደማ። መንገዱ ራሱ ከተነሳ ደግሞ ዞሮ መሄድ ብሎ ነገር የለም። ቪፒኤኑ በምን ላይ ይሂድ?

በዚያ ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ያቺን ያለ ኢንተርኔት የምትሠራዋን መልእክት መላኪያ አውርድልኝ» አለኝ። ከየት ላውርድለት? ሁለታችንም ዝም ብለን ተያየን።

የፈለገው ብራየር ነበር። ብራየር ስልክን ከስልክ በብሉቱዝና በዋይፋይ ያገናኛል፤ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ ማንነትን በሚደብቀው የቶር መረብ በኩል ይሠራል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አስቀድሞ ስልካችሁ ላይ መኖር አለበት። የምትጽፉለት ሰው ስልክ ላይም እንዲሁ። አይፎን ያለው ጓደኛችሁ ደግሞ አይሆንለትም፤ ለአንድሮይድ ነው የተሠራው። ብሉቱዙም ቢሆን ከጎረቤት ግድግዳ ብዙ አያልፍም፤ ከአራት ኪሎ ቦሌ ያደርሰኛል ብላችሁ እንዳታስቡ። ደጉ ነገር፣ ከመካከላችሁ አንዱ ከጫነው ለሌላው ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ይችላል። ያ አንድ ሰው እናንተ ሁኑ። ዛሬ፣ ኔትወርክ እያለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ኪዊክስንም አብራችሁ ጫኑ። ውክፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ነው። የእንግሊዝኛው ከነፎቶው ከ100 ጊጋ ያልፋል። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ስልክ ላይ ይገባል፤ ማነሱ ያሳፍራል እንጂ ለዚህስ ጠቀመን።

ስለ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ይሄን ብቻ ልበል። አንድ ድርጅት እንዳያየኝ ብላችሁ፣ ባለቤቱን ለማታውቁት ሌላ ድርጅት የምትገቡበትን ድረ ገጽ ሁሉ እያሳያችሁ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

«ዲፕሲክ ላፕቶፔ ላይ አለ»

የለም። ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ወንድም፣ የለም።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የወጣው የቻይናው ኤአይ ሞዴል፣ ዲፕሲክ አር1፣ 671 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተሠራበት ቁጥር) አለው። ታምቆ እንኳ 400 ጊጋ ገደማ ነው። ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ያለው ሌላ ሞዴል ነው። የአሊባባ ኩዌን የሚባል ትንሽ ሞዴል ተወስዶ፣ በትልቁ አር1 መልሶች ተገርቶ፣ የትልቁ ስም ተሰጠው። ልጁ ስሙን አይቶ ነው የጫነው። አልፈርድበትም፤ ስም አውጪዎቹም አላገዙትም።

ከማውረዳችሁ በፊት እንዲህ አስሉት። በ4 ቢት የታመቀ (እያንዳንዱ ፓራሜትር በ4 ቢት የተያዘ) ሞዴል በጊጋ ሲለካ ከፓራሜትሩ ቢሊዮን ቁጥር ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ባለ 7 ቢሊዮኑ ከ4 እስከ 5 ጊጋ ይሆናል። ሳይታመቅ፣ በ16 ቢት፣ 14 ጊጋ ነው። ከዚያ ለዊንዶውሱ፣ ለብራውዘሩና ለራሱ ለውይይቱ ቦታ ትተዉለታላችሁ። ይሄን ሳያሰሉ 40 ጊጋ በሞባይል ዳታ ያወረደ ሰው አውቃለሁ። የፓኬጁን ዋጋ እሱ ይንገራችሁ።

ዋናው ነገር ግን መጠኑ አይደለም። ልጁ ኢንተርኔቱን ነቀለና «አሁን ማንም አያግደኝም» አለ። ስለ ቲያናንመን አደባባይ ጠይቀው አልኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለሆነው። ሞዴሉ በትህትና አልመልስም አለው። ሳንሱሩ አብሮ ነበር የወረደው፤ ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው። ይሄ የቻይናዎቹ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ሞዴል ያሠለጠነው ሰው ዝም እንዲል ያስተማረው ነገር አለው። እኔ ከተለያየ አገር የመጡ ሁለት ሦስት ሞዴሎች አስቀምጣለሁ፤ አንዱን ጥያቄ ለሁሉም እወረውራለሁ። የሚስትራል ትንሹ ሞዴል ከፈረንሳይ ነው፤ ኩዌን ከቻይና፤ ጄማ ከጉግል። የት ላይ ዝም እንደሚሉ ታያላችሁ።

ፈቃዱንም አንብቡ። «ክፍት» የተባለ ሁሉ ክፍት አይደለም። የሜታ ላማ የራሱ ገደቦች ያሉበት ፈቃድ ነው የሚሰጠው፤ አር1 ደግሞ ብዙም ገደብ በሌለው በኤምአይቲ ፈቃድ ነው የወጣው። ፋይሉን ስትመርጡ ሴፍቴንሰርስ ወይም ጂጂዩኤፍ የሚለውን የፋይል ዓይነት ውሰዱ። የድሮው የፓይቶርች ፋይል ሲከፈት ማሽናችሁ ላይ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል፤ ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ።

አማርኛውን እንደ እንግሊዝኛ መቁጠር

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ጠበቃ ወዳጅ አለኝ። የደንበኞቹን ሰነድ ለውጭ ኩባንያ መስጠት አልፈለገም። ትክክል ነው። ኦላማን (ሞዴሎችን በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጫንንለት፤ ደስ አለው። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ገጽ የአማርኛ ውል አስገባና «ስለ ቅጣት የሚል አንቀጽ አለው?» ብሎ ጠየቀ። የለውም አለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል!

ሞዴሉ አልዋሸም፤ ሁለተኛውን ገጽ አላየውም። ኦላማ ለረጅም ጊዜ አንድ ጊዜ የሚያነበው 2048 ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆራርጥበት ቁራጭ) ብቻ ነበር፤ ካልነካችሁት። ከዚያ ያለፈውን ከፊት በኩል ይቆርጠዋል፤ ደግሞም አይነግራችሁም። እንግሊዝኛ ቢሆን ጥቂት ገጽ ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን በኮምፒውተር እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ የእንግሊዝኛው 1። ሞዴሎቹ አማርኛ ብዙ ስላላነበቡ ደግሞ ቃሉን በጥሬ ሥጋ ቢላ ይከትፉታል። አንድ ቃል ብዙ ቶከን ይሆናል። የውሉ መጨረሻ ብቻ ነበር ማሽኑ ውስጥ የቀረው።

መፍትሔው የኮንቴክስት መጠኑን (አንድ ጊዜ የሚያነበውን) ከፍ ማድረግ ነው። ራም ይበላል። አለዚያም ሰነዱን ከፋፍሎ ማስገባት። ከሁሉም በላይ ግን ትናንሽ ሞዴሎች አማርኛ ላይ ደካሞች ናቸው። ስሜቱ ልክ የሚመስል፣ ትርጉሙ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ለጠበቃው አሁን የምለው አንቀጹን ፈልግበት እንጂ ፍርዱን አትጠይቀው ነው።

ይኸው ሰው ቀጥሎ ፔታልስን ሰማ። ትልቅ ሞዴል ተቆራርጦ በብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ እየዞረ የሚሠራበት፣ እንደ ቶሬንት ያለ ነገር ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን የምትጽፉት በማታውቋቸው ሰዎች ማሽን ውስጥ ያልፋል። የደንበኛ ምሥጢር እዚያ አይገባም።

በሩን ከፍቶ መተኛት

ይሄኛው የኔ ነው። ቢሮ ያለውን ኦላማ ቤቴ ሆኜ ልጠቀምበት ፈለግሁ። አድራሻውን 0.0.0.0 አደረግሁት፤ ከየትም የመጣን ተቀበል ማለት ነው። ቢሮው ቋሚ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ነበረው። ሠራ፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማታ ቢሮ ስገባ የማሽኑ ማራገቢያ ይጮኻል። ማንም የለም። ሎጉን (የማሽኑን መዝገብ) ስከፍት ከማላውቀው አድራሻ የመጡ ጥያቄዎች ተደርድረዋል። አንዱ ባዕድ በነፃ ኤአይ እየተገለገለ ነው፤ የመብራቱን እኔ እከፍላለሁ። ኦላማ በራሱ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የኦላማን በር፣ ፖርት 11434ን፣ እየዞሩ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ከውጭ መጠቀም ካስፈለጋችሁ በዋየርጋርድ (ራሳችሁ በምትተክሉት ቪፒኤን) ግቡ። እንጂ በሩን ወለል አድርጋችሁ አትተኙ።

ቁልፉን ስልክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ

ይሄም የኔ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ኖስተር (አንድ ኩባንያ የማይቆጣጠረው ማኅበራዊ መገናኛ) ላይ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚል የለም። ኤንሴክ የሚባለው ምሥጢራዊ ቁልፍ ማለት እናንተ ናችሁ። እኔ ስክሪንሾት አድርጌው ነበር። ስልኬ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተወሰደ። በቃ። አሁን በወረቀት ጽፌ ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ።

«አይፒኤፍኤስ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ አይጠፋም»

ፒያሳ በ2016 ከመፍረሱ በፊት አንዲት ልጅ የድሮዎቹን ቤቶች ስታነሳ ከረመች። የእንጨት በረንዳዎቹን፣ ደረጃዎቹን፣ የበር እጀታ ሳይቀር። ፎቶዎቹን አይፒኤፍኤስ ላይ ጫነች። «እዚያ የገባ አይጠፋም» ብለዋት ነበር። ከዚያ ስልኳ ሲሞላ ሰረዘቻቸው። ላፕቶፗም ሲበላሽ አስፎርማተችው።

እኛ ጋ ስትመጣ ረጅሙን የፊደልና የቁጥር አድራሻ በወረቀት ይዛ ነበር። አድራሻው ትክክል ነው። የሚመልስ ግን የለም። አይፒኤፍኤስ መጋዘን አይደለም። ፋይሉን ማን እንደያዘው የሚፈላለጉበት ዘዴ ነው። ቢያንስ አንድ ማሽን ፒን አድርጎ (እንዳይሰረዝ አጥብቆ) ካልያዘው፣ አድራሻው የፈረሰ ቤት ቁጥር ነው። ይዞት የነበረው የሷ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ስንፈልግ ከረምን። ለጓደኞቿ በቴሌግራም የላከቻቸው፣ ጥራታቸው የወረደ ጥቂት ፎቶዎች ተገኙ። ምን ዋጋ አለው፣ የተረፉት ኩባንያው ጋ ያሉት ናቸው።

የተገላቢጦሹንም እወቁ። ሌላ ሰው ፒን ያደረገውን እናንተ ማጥፋት አትችሉም። ስለዚህ የልጃችሁን ፎቶ አትጫኑ።

በአጭሩ የምላቸው

ማስቶዶን (በብዙ ሰዎች ሰርቨር ላይ የተከፋፈለ ማኅበራዊ መገናኛ) ላይ «የግል» የሚባለውን መልእክት የሰርቨሩ ባለቤት ማንበብ ይችላል። ሰርቨር ስትቀይሩ ተከታዮቻችሁ ይከተሏችኋል፤ የድሮ ጽሑፋችሁ አይከተላችሁም።

መልስ ከመስጠቱ በፊት ኮይን ግዙ የሚል «ያልተማከለ ኤአይ» ካያችሁ ውጡ።

መልእክት መላኪያው ሲግናል ጥሩ ነው፤ ግን ማዕከል አለው። ጥቅምት 10 ቀን 2018 የአማዞን የአሜሪካ ዳታ ሴንተሮች ሲታወኩ ሲግናልም አብሮ ተንገዳገደ።

የድረ ገጽ አድራሻ የኪራይ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በዶት ኤኤፍ (በአፍጋኒስታን መለያ) የሚያልቅ አድራሻ የነበረው አንድ የማስቶዶን ሰርቨር፣ አድራሻውን የሚያስተዳድረው በታሊባን እጅ ያለ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ተነጠቀ። ሰርቨሩ ደህና ነበር፤ ስሙ ነው የጠፋው።

የሌላ ሰው መረጃ የምትይዙ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። ክፍላችሁ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰርቨርም ብትሆን የሰው አደራ ናት።

መብራት። ሁሉን አዘጋጅቶ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የረሳ ሰው ብዛቱ! መጠባበቂያ ቅጂውን ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። ዘመድ ቤት ውሰዱት።

ቅዳሜ ለምትመጡ

ሞዴሉን ከእኛ ሃርድ ዲስክ ትገለብጣላችሁ፤ ዳታችሁን አታቃጥሉ። ፍላሽ ስታመጡ ግን አደራ፣ በኤክስፋት ፎርማት አድርጋችሁ አምጡ። ባለፈው ሳምንት አንዱ አዲስ 128 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፋይሉ 4.7 ጊጋ ነው። «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይለዋል። ባዶ ፍላሽ! ሱቅ ሄዶ ሊጣላ ሲነሳ ያዝኩት። ፍላሹ በፋት32 ነበር ፎርማት የተደረገው፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎርማቱን ቀየርንለት፤ ገለበጠ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሳትዘጋ ሄደ።