ሃርድቴይል፦ የሞተር ሳይክልን የኋላ ፍሬም ቤት ውስጥ እንዴት እንቀይራለን?

ሃርድቴይል የሚባለው የኋላ ሞላ የሌለው፣ ጎማው በቀጥታ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ሞተር ሳይክል ነው። ድሮ አብዛኛው እንዲህ ነበር። ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ ለትልልቆቹ ሞተሮቹ የኋላ ሞላ የገጠመላቸው በ1958 እ.ኤ.አ. ዱዎ ግላይድ በተባለው ሞዴል ነው። ዛሬ ወደዚያ የሚመለስ ሰው መልኩን ወዶ ነው። ፍሬሙ ከመሪው ሥር ተነስቶ እስከ ኋላ ጎማው መሃል በአንድ መስመር ሲወርድ በጣም ያምራል።

እኔ የምነግራችሁ በያማሃ ኤክስኤስ 650 ላይ ነው። ፍሬሙ የብረት ቱቦ ስለሆነ ይበየዳል። ለእሱ ልክ የተሠራ የኋላ ክፍልም ይሸጣል፤ ቱቦ ከማጠፍ እሱን ግዙ። የውሃ ቧንቧ እንዳታስቡ። የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል ጭሱ ይመርዛል፣ ብረቱም ለዚህ ሸክም አልተሠራም።

መጀመሪያ ያላችሁበትን አገር ሕግ ጠይቁ። ፍሬሙ የተቆረጠ ሞተር በምርመራ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ባትሪውን፣ ሽቦውንና ታንከሩን አውጡ። ባዶ ታንከርም በእንፋሎቱ ይፈነዳልና አርቁት። ኢንጂኑ ግን እንደታሰረ ይቆይ፤ ፍሬሙ እንዳይላወስ ይይዝላችኋል።

ዋናው ሥራ መለካት ነው። ፍሬሙን በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ እሰሩና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከመሬት እስከ ታችኛው ቱቦ ያለውን ቁመት ያዙ። ከመሪው ቱቦ መሃል እስከ ኋላ አክስል በግራም በቀኝም ለኩ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ቁጥሩን በማርከር ግድግዳ ላይ ጻፉት፣ ወረቀት ይጠፋል።

የድሮውን የኋላ ክፍል ስትቆርጡ ካሰመራችሁት መስመር 2 ሚሊሜትር አስተርፉ፣ ትርፉን በሞረድ ጨርሱ። በአሮጌውና በአዲሱ ቱቦ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ወፍራም ብረት አስገቡ፤ በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይግባ። ቱቦውን በድሪል ብሱና በቀዳዳው በኩል ከውስጠኛው ብረት ጋር በይዱት። ጠርዙ ብቻ ከተበየደ መንገዱ እየመታው ይሰነጠቃል።

በመጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ በይዱ። የብየዳ ማሽኑን የማሳ ገመድ ከምትበይዱበት አጠገብ እሰሩ፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ያበላሸዋል። ከዚያ ጎማውን ግጠሙና ሲባጎ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ወደ ፊት ወጥሩ። የፊት ጎማው ከሁለቱም ክር እኩል መራቅ አለበት።

አንዴ ቸኩዬ አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ በየድኩት። ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ጫፉ ወደዚያው ጎን 6 ሚሊሜትር ተሳበና ቆርጬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስለዚህ ከግራ 2 ሴንቲሜትር፣ ከቀኝ 2 ሴንቲሜትር እያላችሁ ሂዱ። በመሃል በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ እንዳታፈሱበት። እጃችሁን ካላመናችሁት ነጥቡን ራሳችሁ ጨርሱና ሙሉውን ለጎበዝ በያጅ ስጡ። ሕይወታችሁ የሚቀመጠው በዚያ ስፌት ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የኋላ ፍሬኑን ከፍሬሙ ጋር የሚያስረውን ዘንግ ነው። መያዣውን ሳትበይዱ አንድ ሜትር እንኳ አትንዱ። ያለ እሱ ሲፈረን የፍሬኑ ሳህን ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ለካቴናውም ትንሽ ልልታ ተዉለት። ወንበሩ ደግሞ ሞላ ያለው ይሁን፤ ኮብልስቶን ላይ ወገባችሁ ያመሰግናችኋል።

ወፍራም ቀለም አሁን አትቀቡ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ እያንዳንዱን ብየዳ ተንበርክካችሁ እዩ። ፀጉር የምታክል መስመር ካገኛችሁ ሞተሩን አቁሙት።