ከ100 ወደ 300 ሊትር፦ አዲስ አበባ ውስጥ የባሕር ውሃ አኳሪየም ማስፋት

ዓሣ ማዛወሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ዝግጅቱ ነው፤ ሦስት ሳምንት ያዙለት።

መጀመሪያ ወለሉን እዩ። 120 በ50 በ60 ሳንቲ ሜትር ገንዳ በ12 ሚሊ ሜትር መስታወት ሲሠራ ባዶውን 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ከሥር ያለው ሳምፕ (የማጣሪያ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ሁለተኛ ገንዳ) እና የብረት ማስቀመጫው ሲደመሩበት ከ500 ኪሎ ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር ለ200 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ቢም ወይም ኮለን ባለበት ግድግዳ ጥግ አስጠጉት እንጂ ክፍሉ መሀል አታቁሙት። ፒያሳ አካባቢ እንዳሉት አሮጌ ቤቶች ወለሉ ጣውላ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አትሞክሩት። ማስቀመጫውን በ40 በ40 ቱቦላሬ አስበይዱና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ማዘንበል እንኳ ማጣበቂያውን ይወጥረዋል። ሲሊኮኑ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያ በቧንቧ ውሃ ሞልታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ውሃው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጠራ መሣሪያ) ማለፍ አለበት፤ ማጣሪያው ደግሞ 3.5 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ የሚወርድ ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ነው። ያለ ግፊት ፓምፕ ማጣሪያው ያንጠባጥባል፣ የሚጥለውም ይበዛል። በደህናው ጊዜ እንኳ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ይጥላልና ከአሮጌው ገንዳ ከሚዛወረው ውሃ በተጨማሪ የሚያስፈልገውን 260 ሊትር ለማግኘት ከ1,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የብዙ ቀን ሥራ ነው። የሚጣለው ለልብስና ለወለል ይሆናል።

ለዚህ መጠን 10 ኪሎ ገደማ የአኳሪየም ጨው ይበቃል። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው፤ ኮራል የሚፈልገው ካልሲየምና ማግኒዥየም በበቂ የለውም። ጨውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃን ጨው ላይ አታፍስሱ። በፓምፕ 24 ሰዓት እየተሽከረከረ፣ በ25 ዲግሪ፣ የጨውነት መለኪያው (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) 1.025 ላይ ይድረስ።

ከተማችን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር ለዚህ ገንዳ የሚመከረውን የዓሣ ቁጥር ቀንሱ፤ ስኪመርም (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) አይቅር። መብራት ሲጠፋ ዓሣን ቀድሞ የሚገድለው መታፈን ነው። ውሃ የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ከኢንቨርተር ጋር አያይዙ፤ ሂተሩ ግን ባትሪውን ይጨርሰዋልና ይቅር። ለታኅሣሥ ሌሊት ከአንድ ትልቅ ሂተር ባለ 200 ዋት ሁለት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ውሃ ሳምፑን ሞልቶ እንዳይፈስ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

በዕለቱ ሂተሩን አስቀድማችሁ ንቀሉ፤ ውሃው ሲጎድል ተጋልጦ ይሰነጠቃል። ምንም ሳትነካኩ 80 ሊትር ጥሩ ውሃ ወደ ንጹሕ በርሚል ቅዱ። ቀጥሎ ኮራሉና ድንጋዩ ውሃ ባለበት ባልዲ ይግቡ። ገንዳውን በሕይወት የሚያቆዩት ባክቴሪያዎች ያሉት ድንጋዩና ስፖንጁ ላይ ነውና አይድረቁ፣ በቧንቧ ውሃም አይታጠቡ። ዓሣው በመጨረሻ ይወጣል፤ ውሃው ከጎደለና ድንጋዩ ከተነሣ በኋላ መያዙ ቀላል ነው። አሮጌውን አሸዋ ተዉት፦ ሥሩ የታመቀው ቆሻሻ ሲቀሰቀስ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ አሞኒያም ይለቃል። አዲሱን አሸዋ እስኪጠራ እጠቡት። አዲሱ ገንዳ ውስጥ ድንጋዩ መስታወቱ ላይ ይቀመጥ፣ አሸዋው ዙሪያውን ይሙላው፤ ድንጋይ አሸዋ ላይ ከቆመ ዓሣ ሲቆፍር ይንሸራተታል።

ለሁለት ሳምንት አሞኒያ በየቀኑ ለኩ፤ በሊትር 0.25 ሚሊ ግራም ከነካ 20 በመቶ ውሃ ቀይሩ። ምግቡን በግማሽ ቀንሱ፤ ለአንድ ወር አዲስ ዓሣ አታስገቡ። አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ቢታይ አትደንግጡ፣ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። አሮጌውን ገንዳ ግን ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ አዲሱ ማፍሰስ ቢጀምር ዓሣው የሚገባበት የለውም።