የቮልስ ፍሬን መብራት ስዊች ከዘይት ወደ ፔዳል እንዴት እንደሚዞር (ፍሬኑን ሳታሳስሩ)

የቮልስ ፍሬን መብራት አልበራ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው አምፖል ነው፣ እኔም ሶስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ጣጣው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። የቮልስ ፍሬን ስዊች ፔዳሉ ላይ ሳይሆን ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ) ላይ ነው የተጠመደው፣ ስትረግጡ የዘይቱ ግፊት ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽፋን ገፍቶ ሁለቱን ኮንታክት ያገናኛል። አዲስ ሆኖ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፣ እያረጀ ሲሄድ ግን ካልተጫናችሁት አያበራም፣ በመጨረሻም መብራቱ የሚመጣው ድንገት ልጅ ሲገባባችሁና በሙሉ እግር ስትረግጡ ብቻ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ማን ነው በሙሉ እግሩ የሚረግጠው፣ ቀኑን ሙሉ ነካ ለቀቅ ነካ ለቀቅ ነው እኮ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ምንም ሳያይ ቂጣችሁ ላይ ይለጠፋል።

ስዊቹን አዲስ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ አንዱም ዓመት አልሞላውም። አንደኛው ጭራሽ በእግሮቹ በኩል ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ከዛ በኋላ ነው ወደ ድሮው አሰራር፣ ማለትም ፔዳሉ ራሱ ስዊቹን ወደሚስብበት አሰራር የተመለስኩት።

ድሮ ስል በጣም ድሮ ነው። ፍሎረንስ ሎውረንስ የምትባል የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይት መኪና ወዳድ ነበረች፣ በ1910ዎቹ (በፈረንጆች) ፍሬን ሲረገጥ ከኋላ «ቁም» የሚል ምልክት ብድግ የሚያደርግ ነገር ሰርታ ነበር ይባላል፣ ፓተንት ግን አላወጣችበትም። ከዛ በኋላ የመጡት የፍሬን መብራቶች ደግሞ ስዊቹን በሽቦ ወይም በስፕሪንግ ከፔዳሉ ጋር ያስሩት ነበር። ሌላ ምርጫም ብዙ አልነበራቸውም፣ የነዛ መኪኖች ፍሬን በብረት ዘንግ ወይም በገመድ ነው የሚሰራው፣ ዘይት ከሌለ የዘይት ግፊት ከየት ይመጣል? ፎርድ ራሱ ወደ ዘይት ፍሬን የገባው በፈረንጆች 1939 ነው። የዘይት ፍሬን ሲመጣ ነው ብዙዎቹ ስዊቹን ወደ ቧንቧው ያዞሩት። የሚያስቀው ነገር የዛሬ መኪኖች ተመልሰው ፔዳል ላይ ናቸው፣ ኮሮላ ያላችሁ ከዳሽቦርዱ ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

ወደ ስራው ልግባ። መጀመሪያ ጥፋተኛው በእርግጥ ስዊቹ መሆኑን አረጋግጡ። የፊት ግራ ጎማውን ፍቱ (ክሪክ ብቻ አምኖ ከስር መግባት የለም፣ ግንድም ቢሆን አስደግፉ)፣ ከጎማው ጀርባ ማስተር ሲሊንደሩ ላይ የተሰካውን ስዊች ታገኙታላችሁ። ሽቦዎቹን ንቀሉና ሁለቱን እርስ በርስ አገናኟቸው፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ መብራቱ ከበራ ስዊቹ ነው። ካልበራ ፊውዝ፣ ማሳ (ከቦዲው ጋር የሚገናኘው ኔጌቲቭ) ወይም አምፖል ነው፣ ይሄ ጽሁፍም ገና አይመለከታችሁም። የኋለኞቹ ባለ ሁለት ሰርኪዩት (የፍሬን ዘይታቸው በሁለት የተለያየ መስመር የሚሄድ) ሞዴሎች ስዊቻቸው ሁለት ነው፣ አንዳንዱ ሶስት እግር አለው፣ ሶስተኛዋ የማስጠንቀቂያ መብራት ናት፣ እሷን አትንኳት።

አምፖሉን ካነሳን አይቀር፣ ባለ ሁለት ክሩ አምፖል ሁለቱ ጆሮዎቹ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፣ ተገልብጦ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ግን በጉልበት ገልብጦ የሚያስገባ ሰው አይጠፋም። እንደዛ ከሆነ ፍሬን ስትረግጡ ትንሿ 5 ዋት ትበራለች፣ ማታ ስትሄዱ ደግሞ 21 ዋቱ ዝም ብሎ ይበራል።

አሁን ዕቃ። ስዊቹን ከሞተር ሳይክል ውሰዱ፣ የኋላ ፍሬኑ ላይ ያለችዋን፣ ጫፏ ላይ ስፕሪንግ ያላት ስትሳብ የምታበራዋን። ሶማሌ ተራም የሞተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋርም አለች፣ ርካሽ ናት፣ ሁለት ግዙ። ከዛ ባለ አራት እግር ሬሌ (በትንሽ ኤሌትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ስዊች)፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ቁራጭ ላሜራ፣ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ቡሎን ከነዳዶና ሮንዴላው፣ የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ክላምፕ፣ ጥቂት ሜትር 1.5 ሽቦ። ናስትሮ ብቻ ይዞ የሚመጣ ኤሌትሪሺያን ካለ መልሱት። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ሙቀት ሲነካው የሚላጥ ስራ ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የሰራው እንደዛ ስለነበር መኪናዬ ውስጥ ማር የተቀባ የመሰለ ሽቦ ሳፀዳ አንድ ሙሉ እሁድ ሄዷል።

ለምን እንደ ኮሮላው የምትገፋዋን ስዊች አልተጠቀምክም የምትሉ ካላችሁ፣ ተጠቅሜያለሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

የመግፊያዋ ስዊች ከፔዳሉ ጀርባ ነው የምትቆመው፣ ፔዳሉ ሲመለስ ተጭኗት ያጠፋታል፣ ሲረገጥ ይለቃታል ትበራለች። ጥሩ ስዊች ናት፣ ግን ውስጧ ያለው ስፕሪንግ ሁልጊዜ ፔዳሉን ወደፊት፣ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ ነው የሚገፋው። ትንሽ አብዝታችሁ ካስጠጋችኋት ደግሞ ራሷ የፔዳሉ ማቆሚያ ትሆናለች። እኔ በዛ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርኩበት። የቮልስ ፍሬን ፔዳል ሲመለስ የሚያርፍበት ወለሉ ላይ በቡሎን የታሰረ ትንሽ ሳህን አለ፣ አዲስ ቀዳዳ ላለመብሳት ብዬ የዛን ሳህን ቡሎኖች አላልቼ የስዊቹን መያዣ ከስሩ አስገብቼ መልሼ አሰርኩት። የሳህኑ ቀዳዳዎች ሞላላ መሆናቸውን አይቻለሁ፣ ለምን ሞላላ እንደሆኑ ግን አልጠየቅኩም። መብራቱ ቁልጭ ብሎ በራ፣ እኔም ደስ ብሎኝ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ሞተሩ የደከመ መሰለኝ። ሁለተኛ አልጎትት አለ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ እሱም እየተንፈራፈረ ነው። ነዳጅ ነው ብዬ ካርቡሬተሩን ስረግም ቆየሁ። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አውጥቼ ፍሬን ለቀቅኩ፣ መኪናው ቆሟል። ቁልቁለት ላይ! ወርጄ ሳይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል፣ አራቱም ታምቡር (ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው የጎማው ክብ ብረት) እጅ አያስቀርብም። እዛው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ጋሼ መጡ፣ ብዙ ማየት እንኳን አላስፈለጋቸውም፣ ከስር ገብተው የአንዱን ጎማ የአየር ማውጫ ቡሎን ትንሽ ሲያላሉት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ መኪናውም ተለቀቀ። «አንተ ልጅ፣ መብራት አበራለሁ ብለህ ፍሬኑን አሰርከው?» አሉኝ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ፒስተኑም ይመለሳል ቀዳዳዋም ትከፈታለች። ለዛም ሲባል ከፔዳሉ በሚመጣው ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፣ ፔዳሉ መርገጫ ላይ ስትለኩት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ይሆናል፣ ጫን ሳታደርጉት እንዲሁ ላላ ብሎ የሚሄደው ማለት ነው። ሳህኑ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ይሄን ክፍተት ለማስተካከል ነው! እኔ ሳስረው ወደፊት ተንሸራቷል፣ ስዊቹም በበኩሉ ገፍቷል፣ ክፍተቱ ጠፋ፣ ቀዳዳዋ ተደፈነች። ከዛ በኋላ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መውጫ የለውም፣ ሸራውን ታምቡሩ ላይ ይገፋል፣ የተገፋው ሸራ ደግሞ ያሞቃል፣ የሞቀው ዘይት የበለጠ ይገፋል፣ በቃ እስኪቆልፍ ድረስ።

ስለዚህ ምንም ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ ያንን ልል እንቅስቃሴ ለኩ፣ ቁጥሩን ጻፉት። ስትጨርሱ ድጋሚ ለኩ። አንድ ሚሊ እንኳን ከቀነሰ የሆነ ነገር ፔዳሉን እየገፋው ነው፣ አትነዱት።

የሞተር ሳይክሏ ስዊች ጥቅሟ እዚህ ላይ ነው። ስፕሪንጓ ፔዳሉን ወደ ኋላ፣ ወደ ማረፊያው ነው የሚስበው፣ ብታበላሿት መብራቱ ይበላሻል እንጂ ፍሬኑን አትይዝም።

መያዣውን ከላሜራው በኤል ቅርፅ እጠፉና ወለሉ ላይ ከፔዳሉ ጀርባ እሰሩት፣ ሳህኑን ሳትነኩ። ከመብሳታችሁ በፊት ከስር ገብታችሁ ድሪሉ የሚወጣበትን እዩ። መሃል ያለውን ከፍ ያለ ጀርባ፣ ተነሉን፣ በፍፁም እንዳትበሱ፣ የቤንዚን ቧንቧው ውስጡን ነው የሚያልፈው፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመዱም እንደዛው። የበሳችሁትን ቀዳዳ ቀለም ቀቡት፣ የቮልስ ወለል ለዝገት ሰበብ ነው የሚፈልገው።

የፔዳሉን ክንድ ራሱን አትብሱት፣ ክላምፑን እሰሩበትና የስፕሪንጓን መንጠቆ እሱ ላይ አንጠልጥሉ። ከፍታውን በደንብ አስቡበት። ፔዳሉ የሚዞረው ከታች ወለሉ አጠገብ ስለሆነ ዝቅ ባላችሁ ቁጥር እንቅስቃሴው እያነሰ ይመጣል፣ መርገጫው 6 ሚሊ ሲሄድ ከስሩ ያለው ቦታ አንድ ሚሊ ተኩል ቢሄድ ነው፣ ስዊቿ ደግሞ እስክትበራ ሁለት ሚሊ ልትፈልግ ትችላለች፣ ስለዚህ መብራቱ ይዘገያል። ጫማችሁ እስካልነካው ድረስ ከፍ አድርጉት። መስመሩም ቀጥ ይበል፣ ወደ ጎን ከተሳበ ፕላስቲኩ አንድ ጎኑን ይበላል። ምንጣፉ ከስር ገብቶ እንዳይጠቀለል ቁረጡለት።

ሽቦው ላይ ሬሌ ለምን አስፈለገ? ሞተር ሳይክል ያለው አንድ 21 ዋት አምፖል ነው፣ በ12 ቮልት 1.75 አምፔር መሆኑ ነው። እኛ ጋ ሁለት ስለሆኑ 3.5 ይመጣል፣ ትንሿ ኮንታክት ለዛ አልተሰራችም፣ ቀስ በቀስ ትቃጠላለች። ሬሌ ካለ ግን በስዊቿ የሚያልፈው ወደ 0.2 አምፔር ብቻ ነው። መኪናችሁ ገና 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ 18 ዋቱ አምፖል እያንዳንዱ 3 አምፔር ይጠጣል፣ ሬሌውም የ6 ቮልት መሆን አለበት፣ የ12ቱ አይነሳላችሁም።

ከድሮው ስዊች የነቀላችኋቸው ሁለት ሽቦዎች (ብዙ ጊዜ ጥቁር ላይ ቀይ መስመር ናቸው) አንዱ ከፊውዝ የሚመጣ፣ አንዱ ወደ ኋላ መብራት የሚሄድ ነው፣ ቁልፍ ከፍታችሁ በተስተር ለዩአቸው። ካልደረሱ ቀጥሉባቸውና ሬሌውን የፊት ኮፈኖ ውስጥ ደረቅ ቦታ ላይ እሰሩት። ከፊውዝ የመጣው ሬሌው እግሮች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 30 እና 86 ላይ ይገባል፣ ወደ መብራት የሚሄደው 87 ላይ። ከ85 አንድ ሽቦ ወደ ፔዳሉ ስዊች ይወርዳል፣ የስዊቿ ሌላኛው እግር ቦዲው ላይ ይታሰራል፣ ቀለሙን ፍቃችሁ። ብዙ ሰው ስዊቹን ፖዘቲቩ ላይ ነው የሚያስገባው፣ ይሰራል፣ እኔ ግን እግሬ ስር ኃይል ያለው ሽቦ ሲሄድ አልወድም፣ በዚህኛው መንገድ ሽቦው ቢላጥና ቦዲ ቢነካ መብራቱ በርቶ ይቀራል እንጂ ሌላ የሚቃጠል ነገር የለም። የድሮውን ስዊች እዛው ተዉት፣ ከነቀላችሁት ዘይቱ ይፈሳል፣ አየርም ይገባል።

ማስተካከያው ላይ ትልቁን የፕላስቲክ ዳዶ ነው የምታዞሩት፣ የስዊቿን አካል በሌላው እጅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ። አካሏን ካዞራችኋት ሽቦዎቹ ስሯ ላይ ተጠምዝዘው ይበጠሳሉ፣ ሁለት ግዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ፔዳሉን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፣ ዘይቱ መቋቋም ከመጀመሩ በፊት፣ በዛችው ልል እንቅስቃሴ መጨረሻ ላይ መብራት አለበት። ስትለቁት ወዲያው ይጥፋ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታ ግድግዳ ላይ ቂጡን አዙራችሁ በመስታወት እዩት። በርቶ አምፖሉ ከደበዘዘባችሁ ባትሪው ላይና አምፖሉ ላይ ያለውን ቮልት አወዳድሩ፣ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ የአምፖል ቤቱን ማሳ በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት።

ከዛ ክፍተቱን ለክታችሁ ሰፈር ውስጥ አስር ደቂቃ ዙሩ፣ ቶሎ ቶሎ ፍሬን እየያዛችሁ። ትንሽ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥታችሁ ልቀቁት፣ በራሱ መንሸራተት አለበት። ወርዳችሁ አራቱንም ጎማ መሃሉን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የሚያስመልስ ከሆነ ግን ወደ ማስመሪያው ተመለሱ።

የእኔዋ ከገባች ሁለት ክረምት አልፏታል፣ እስካሁን የቀየርኩት ስፕሪንጓን ብቻ ነው፣ እሱም የእህቴ ልጅ ጫማውን አጠላልፎባት ስለሳባት። ትርፏ ኪስ ውስጥ አለች፣ ከካቻቪቴው ጋር።