ሞተሩ እየሄደ ይጠፋል፦ ከኤሌክትሪክ ነው ከቤንዚን?

ጋራዥ ይገባል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ይታጠባል፣ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው) ይቀየራል። ሳምንት ደህና ይሄድና ያው ችግር ይመለሳል። እንደ ያማሃ ዲቲ ወይም ሆንዳ ኤክስኤል ያለ የቆየ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ይህን አዙሪት ያውቀዋል።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሞተሩ እንዴት እንደጠፋ አስታውሱ። ቁልፍ እንደዘጋችሁበት ድርግም ካለ ኤሌክትሪኩን ጠርጥሩ። ጉልበቱ እየቀነሰ፣ እየተንተፋተፈ ከቆመ ግን ብዙ ጊዜ ቤንዚን አጥሮታል። ምርመራው ደግሞ እዚያው፣ በጠፋበት ቦታ ነው መደረግ ያለበት። ጋራዥ እስኪደርስ ይቀዘቅዝና "ምንም የለውም" ይባላል።

ትንሽ ከሄደ በኋላ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይነሳል

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። "ፍስስ" ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ቀዳዳውን በኮምፕሬሰር አየር አጽዱት፤ አለቀ። ለዚህች ቀዳዳ ብሎ ካርቡሬተር የሚያስፈታ ስንት ሰው አለ!

ክዳኑ ለውጥ ካላመጣ ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉና ብልጭታውን እዩ። ካንዴላውን ነቅላችሁ መልሳችሁ የሽቦው ኮፍያ ውስጥ ክተቱት፤ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ማስነሻውን በእግር ምቱ። ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ይቀጣጠላል። ትኩስ እያለ ብልጭታ ከሌለ፣ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ የሽቦ ጥቅልል በሙቀት እየተቋረጠ ነው ማለት ነው፦ ወይ የካንዴላው ኮይል፣ ወይ ማግኔቱ (ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ሥር ያሉት። በቴስተር ሬዚስታንሱን በትኩሱ ለኩ። በቀዝቃዛው ደህና የሚመስለው በትኩሱ መስመሩ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ። የተበላሸውን ቀይሩ። ሲዲአይ (ብልጭታው መቼ እንደሚወጣ የሚቆጣጠረው ሳጥን) የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን። ብዙ ሰው ግን ነቅሎ መተካቱ ስለሚቀል ከእሱ ይጀምራል፣ ገንዘቡም እዚያ ይቀልጣል።

ያለ ቾክ (የአየር መዝጊያ) አይሠራም፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ መሥራት) አይይዝም

ብዙ ጊዜ ትንሹ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ተደፍኗል። በብረት ሽቦ አትውጉት፤ ነሐስ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። በአየር ንፉት። ከታጠበ በኋላ ደጋግሞ ከተደፈነ ግን ጥፋቱ ከላይ ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላሉና ቤንዚኑን በብርጭቆ ተቀበሉት። ትንሽ አቆዩት። ቡናማ ዱቄት ከዘቀጠ ታንኩ ውስጡ ዝጓል፤ ታንኩን አስጸድታችሁ ፊልትሮ ግጠሙ። ከሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። በክረምት በክዳኑ ይገባል፤ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚንም ይዞት ይመጣል።

ቆሞ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ካንዴላው ይጠቁራል

ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትዘጋውን መርፌ አውጡ። ጫፏ ላይ የቀለበት ምልክት ካለ አልቃለች፤ ቀይሯት።

ባትሪ አይቆይም፣ ፊዩዝ ይቃጠላል

ባለ 12 ቮልት ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። አስነስታችሁ ነዳጅ ትንሽ ስትሰጡት ከ13.5 እስከ 14.5 መውጣት አለበት። ካልወጣ ከማግኔቱ ወደ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን ወደሚቆጣጠረው) የሚሄደውን ሶኬት ክፈቱ፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ወይም አረንጓዴ ዝገት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የማሳውን (ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰረውን) ሽቦ ብሎንም ፈትታችሁ ፋቁት። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ሞቷል፤ ባትሪውን እያፈላ፣ አምፖል እያቃጠለ ነው።

ፊዩዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል ሽቦውን ሁሉ ማቃጠል ነው። ትክክለኛ ፊዩዝ ግጠሙ፣ ቁልፉን ክፈቱና መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ። መብራቱ ከተርገበገበ ሽቦው የተላጠው አንገቱ ላይ ነው። በፕላስተር ሸፍናችሁ አትለፉት፤ ቆርጣችሁ በስታኞ (በሚቀልጥ ብየዳ) አያይዙት፣ መሪው ሲዞር እንዳይወጠርም ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።