ፒያኖ የሚማር ልጅ እጁን ሲያመው ምን እናድርግ

ልጃችሁ «እጄን አመመኝ» ካላችሁ መጀመሪያ የዛን ቀን ልምምድ አስቁሙት። «ቻለው ይለመዳል» የሚባለው ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ህመም የልምምድ አካል አይደለም። ታዋቂው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን እንኳን ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ቀኝ እጁ ተጎድቶ ፒያኒስት የመሆን ህልሙን ትቷል። ድካም ያለ ነው፣ ትንሽ ሲያርፍ ይለቀዋል፤ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ ጣት የሚያደነዝዝ ወይ በማግስቱም ያልለቀቀ ከሆነ ግን ድካም አይደለም።

ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይናገሩም፣ ፈተና ወይ ኮንሰርት ሲደርስማ ጭራሽ ይደብቃሉ፣ ስለዚህ ሲጫወቱ ቁጭ ብላችሁ እዩዋቸው። ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ፣ ትንሿ ጣቱ ተገትራ አየር ላይ ከቀረች፣ በየመሃሉ እጁን የሚያራግፍ ከሆነ፣ ድሮ በደንብ ይጫወተው የነበረውን ቦታ መሳት ከጀመረ ጠይቁት። ጣቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው፣ ጅማቶቹ በእጅ አንጓ በኩል ነው የሚያልፉት፣ ለዛ ነው «ጣትህን ነው?» ስትሉት አንጓውን ወይ ክንዱን የሚያሳያችሁ።

ወንበሩን ክርኑ ከኪዎቹ (በጣት ከሚጫኑት የፒያኖው ቁልፎች) እኩል ወይ ትንሽ ከፍ እንዲል አስተካክሉት። እግሩ መሬት ካልደረሰ ከስር መርገጫ አድርጉለት።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳቱ የሚመጣው ድንገት ሰዓት ሲጨመር ነው፣ በቀን 30 ደቂቃ የለመደ ልጅ ፈተና ደረሰ ተብሎ 2 ሰዓት ሲቀመጥ፣ ወይ ከቀላል ኪቦርድ ኪው ወደሚከብድ ፒያኖ ሲቀየር። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ በየ20 ደቂቃው ይነሳ፣ በእረፍቱ ደግሞ ስልክ ላይ ጌም አይጫወት፣ እነዛኑ ጣቶች ነው መልሶ የሚያደክማቸው። ኦክታቭ (ለምሳሌ አንዱን ዶና ቀጣዩን ዶ በአንድ እጅ አንዴ መጫን) ላይም አታስገድዱት፣ ወርዱ 16 ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው፣ እጁ ካልደረሰ አስተማሪው አንዷን ኖታ ያስቀርለት ወይ የሚያጠናውን ሙዚቃ ይቀይርለት።

ለጥቂት ቀናት አርፎ ካልተሻለው፣ ካበጠ፣ ወይ ማታ ማታ እጁ የሚደነዝዝ ከሆነ ሀኪም ጋር ውሰዱት፣ ማስታገሻ እየሰጣችሁ እንዲጫወት ማድረግ ጉዳቱን መደበቅ ነው። በእረፍቱ ኖታ ያንብብ፣ የሚያጠናውን ሙዚቃ ያዳምጥ፣ ሪትሙን በአፉ ይቁጠር። ሲመለስ ከ5 ወይ 10 ደቂቃ ይጀምር፣ በዝግታ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ህመሙ ከተመለሰ እዛው ላይ ያቁም። አስተማሪውንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንገሩት፣ እሱ ካላወቀ ከባድ የቤት ስራ መስጠቱን ይቀጥላል።