አዲሱ የቤዝ ክር ጆሮ ሲበሳ

ሠርግ ነገ ሆኖ ዛሬ የቤዝ ጊታር ክር አትቀይሩ። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ አዲስ ክር አስሬ ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ ተሰቃይቻለሁ። ቤዙ ከከበሮው ስር መተኛት ሲገባው ከኪቦርዱ ጋር ሲሻማ አደረ። ያኔ ያላወቅኩትን ልንገራችሁ።

ችግር፦ ድምፁ እንደ ቃጭል ያቃጭላል

ምክንያቱ ክሩ የተሠራበት መንገድ ነው። አብዛኞቻችን የምናስረው ራውንድዋውንድ የሚባለውን ነው። መሀሉ ላይ አንድ ብረት አለ፤ በዙሪያው ክብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ወፍራሙ የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ግን ብቻውን አይደለም፤ የዚህ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አሥር እጥፍ የሆኑ ቀጫጭን ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ጆሮ የሚበሱት እነዚህ ናቸው። ላብ፣ የቆዳ ወዝና አቧራ በጥምጥሙ መሀል ሲገቡ ቀድመው የሚታፈኑትም እነሱ ናቸው። ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል።

ስለዚህ ዋናው መፍትሄ መጫወት ነው። በቀን አንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሁለት ሳምንት። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ባለውለታችን ነው፤ ጣት ቶሎ ያልበዋል። አራቱንም ክር፣ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ብረት) ድረስ ተመላለሱበት። የቀጭኑን የጂ ክር የምንረሳ ብዙ ነን፤ ከዚያ ሦስቱ ለስልሰው እሱ ብቻ ይጮሃል። በእነዚህ ቀናት ከልምምድ በኋላ ክሩን በጨርቅ አትጥረጉ።

ቅቤ ወይም ዘይት ቀቡት የሚሉ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ቅባቱ አንገቱ ላይ ይቀራል፣ አቧራውንም ይሰበስባል። ክሩ ላይ እኩል ስለማይዳረስ ደግሞ ከፍ ባለው ፍሬት ላይ ኖታው ይዛባል። ለስላሳ ድምፅና የሞተ ድምፅ አንድ አይደሉም።

ጊዜ ከሌላችሁስ? ቤዙ ላይ ያለውን የቶን ቁልፍ (ጩኸቱን የሚቀንሰውን) ወደ ግማሽ መልሱ። ቀኝ እጃችሁን ከብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ብረት) አርቃችሁ ወደ አንገቱ አስጠጉ። በጣት ሥጋ ምቱ፤ ጥፍር አይንካው። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ላይ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ከመጨመራችሁ በፊት ቀጭኑን፣ ትሬብሉን፣ ቀንሱ። ከሁሉም የምወደው ግን ስፖንጅ ነው። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ትንሽ ቆርጣችሁ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ስር አስገቡ። ጩኸቱ ወዲያው ይበርዳል።

ችግር፦ ቲዩኑ (ቅኝቱ) እየወረደ ያስቸግራል

አዲስ ክር ገና አልተሳበም፤ መቃኛው ላይ የተጠመጠመውም ቦታውን አልያዘም። 12ኛው ፍሬት ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ መልሳችሁ ቃኙት፣ መውረዱን እስኪተው ድገሙት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ብረት ሲሞቅ ይላላል። ቬንትሌተር ካለበት ክፍል ወጥታችሁ ድንኳን ውስጥ ስትገቡ ቲዩኑ ይወርዳል። ቤዙን ቀድማችሁ አስገቡትና ሙቀቱን ሲለምድ ቃኙት።

ችግር፦ አንዱ ክር ገና ከፓኮው ወጥቶ ደንዝዟል

ሲታሰር ተጠማዞ ይሆናል። አላሉት፣ ጫፉን ከመቃኛው አውጡና ጥምዝዙን ፍቱት። ሳይታጠፍ ተቆርጦ ጥምጥሙ ከላላ ግን አይድንም። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ጫፉን 90 ዲግሪ እጠፉት፣ ከዚያ ቁረጡ።

ችግር፦ ወር አልፎም ይጮሃል

እንግዲህ የክሩ ዓይነት ነው። ስቴንለስ ስቲል ከሁሉም ይጮሃል፤ ኒኬል የተቀባው መሀከለኛ ነው፤ ንጹህ ኒኬል ይለሰልሳል። ከነጭራሹ ጩኸት የማትፈልጉ ከሆነ ፍላትዋውንድ ፈልጉ። ጥምጥሙ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጣት ሲንሸራተትም አይንጫጫም። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን የሚጫወተው በእሱ ነበር፤ ክሩንም ከስንት አንዴ ነበር የሚቀይረው። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ዓመታት ያገለግላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ፓኮ አስመጡ።