ለቤተሰብ የሚሆን ድፎ ዳቦ በቀላሉ በቤት ውስጥ ለመጋገር

ድፎ ዳቦ በብዙ ቤት የሚታሰበው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ ዱቄትና ጥቂት እርሾ ካለ፣ ቤት በሚዋልበት በማንኛውም ቀን ተጋግሮ ለልጆች ቁርስና ለሻይ ሊቀርብ ይችላል። ዳቦውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ሊጡ እጅ ላይ ተጣበቀ ብሎ ዱቄት መደራረብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ኩፍ ሳይል ወደ እሳት መቸኮል ነው።

የሚያስፈልገው 1 ኪሎ ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ እና ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ቢጨመርበት መዓዛው ይበልጥ ያምራል። ከዱቄቱ ሩቡን ወፍጮ ቤት በተፈጨ ስንዴ መተካት ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ዱቄት ገለባው ስላልወጣለት ተጨማሪ ውኃ ይጠጣል። ወተትም ቅቤም ስለማይገባበት ለጾም ጊዜ ይሆናል።

ውኃው ለእጅ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ እርሾው ይሞታል። እርሾውንና ስኳሩን በጥቂት ውኃ በጥብጠው ለአሥር ደቂቃ ያቆዩት። አረፋ ካላወጣ እርሾው ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ስለሚችል ዱቄቱን ሳያባክኑ ሌላ እርሾ ይፈልጉ። ከዚያ ዱቄቱን፣ ጨውንና አዝሙዱን በሰፊ ሳህን ደባልቀው እርሾውንና ዘይቱን ያፍስሱበት፤ የቀረውንም ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያቡኩ።

ሊጡ መጀመሪያ ላይ እጅ ይይዛል፣ ይህም ትክክል ነው። ዱቄት ከመጨመር ይልቅ ሳህኑን ሸፍነው አሥራ አምስት ደቂቃ ቢያሳርፉት ዱቄቱ ውኃውን በሚገባ ስለሚጠጣ ሊጡ በራሱ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ እጅዎን ዘይት ቀብተው አሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ይሹት። ትንሽ ቆርሰው በጣቶችዎ ሲወጥሩት ሳይበጠስ የሚሳሳ ከሆነ መታሸቱ በቅቶታል፤ ቶሎ የሚበጠስ ከሆነ ግን ገና ነው።

ሸፍነው ሞቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡት። ኩፍ ለማለት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፤ በክረምት ብርድ ይዘገያል፣ በቆላ ይፈጥናል። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሙቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ሊጡ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ይልቅ ቶሎ ይነፋል። ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ሊጡን መመልከት ይሻላል፤ መጠኑ እጥፍ ሲሆንና በጣት ሲጫኑት የጣቱ ምልክት ቀስ ብሎ ሲመለስ ደርሷል።

የኮባ ቅጠል ካገኙ አጥበው እሳት ላይ ለአፍታ አሳልፈው ያጠውልጉት፤ እንዲህ ካልተደረገ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ባሕር ማዶ ያሉ ቤተሰቦች በኮባ ፈንታ በእስያ ሸቀጥ መደብሮች የሚሸጠውን የበረደ የሙዝ ቅጠል ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ከሌለ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል፣ የቅጠሉ መዓዛ ግን ይቀራል። ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ ላይ ቅጠሉን አንጥፈው ሊጡን ያስተካክሉ፤ እንደገና ለግማሽ ሰዓት ያህል ኩፍ ካለ በኋላ ላዩን በሌላ ቅጠል ይሸፍኑት።

አስቀድሞ በጋለ ኦቨን በ180 ዲግሪ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይጋግሩት። መጨረሻ ላይ የላዩን ቅጠል ለአሥር ደቂቃ ቢያነሡለት ቅርፊቱ ይቀላል። ኦቨን የሌለው ሰው በኤሌክትሪክ ምጣድ መካከለኛ ሙቀት ላይ ከድኖ ሊጋግር ይችላል፤ እሳቱ ከሥር ብቻ ስለሚመጣ፣ የላዩ ሊጥ ጣት መያዙን ሲተው ዳቦውን ከነቅጠሉ ገልብጦ ሌላውን ጎን ማብሰል ያስፈልጋል። መብሰሉን ለማወቅ ሥሩን በጣት ይምቱት፤ ባዶ ነገር እንደተመታ ያለ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

ከእሳት የወጣ ዳቦ ቶሎ ካልተቆረሰ ቅር የሚላቸው ልጆች ቢኖሩም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት መጠበቅ ይገባል፤ በትኩሱ የተቆረሰ ዳቦ ውስጡ ይላቁጣል። ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ከፈለጉ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ዳቦ ይበልጥ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከሁለት ቀን በላይ የሚቆየውን ቆራርጠው በላስቲክ አሽገው በረዶ ቤት ያስቀምጡትና በሚበላበት ጠዋት ምጣድ ላይ ያሙቁት።